የድሮ አስፈሪ ፊልም ካላስፈራን በምን እንመዝነው?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሳምንት ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሆኜ እ.ኤ.አ. በ1922 በጀርመን የተሠራውን «ኖስፌራቱ» የተባለ ድምፅ አልባ ፊልም ተመለከትኩ። የአስፈሪ ፊልሞች ወዳጅ እንደመሆኔ ስለዚህ ሥራ ለዓመታት ሲነገር ስለሰማሁ በታላቅ ጉጉት ነበር የተቀመጥኩት። ይሁን እንጂ ተዋንያኑ እንደ ተጣደፈ ሰው እየተንቀጠቀጡ ይራመዳሉ፤ የፀሐይ ብርሃን ያጠፋዋል የተባለው ደም መጣጭ የሬሳ ሣጥኑን ታቅፎ በጠራራ ፀሐይ መንገድ ያቋርጣል፤ ከትዕይንቱ ጋር የማይገናኝ የፒያኖ ሙዚቃም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሰማል። ጓደኞቼ ሳቁ። እኔ ግን አዘንኩ፤ ምክንያቱም ጉድለቱ የፊልሙ ይሁን የእኔ መለየት አልቻልኩም። አስፈሪ ፊልም ካላስፈራ ዋና ሥራውን አልሠራም ማለት ነው? ወይስ የፊልሙን ዕድሜ ቆጥረን ይቅር ልንለው ይገባል? እናንተ የድሮውንና የአሁኑን በአንድ ሚዛን ታስቀምጣላችሁ?

መልስ 1

ስለ ፊልሙ ከመፍረድዎ በፊት ስለ ተመለከቱት ቅጂ ቢጠይቁ መልካም ነው፤ የዘረዘሯቸው ሦስቱም እንከኖች ከቅጂው የመጡ ይመስለኛል። በድምፅ አልባው ዘመን ካሜራው በአብዛኛው በእጅ እየተዘወረ ይቀርጽ ስለነበር በሰከንድ የሚይዘው ምስል ከ16 እስከ 20 ግድም ነበር። ይህንኑ በኋላ በተለመደው የ24 ምስል ፍጥነት ሲያሳዩት ሰው ሁሉ የሚሮጥ ይመስላል። በቀን ብርሃን ስላዩት ደም መጣጭ ደግሞ ነገሩ እንዲህ ነው፦ የሌሊቱ ትዕይንቶች በቀን ከተቀረጹ በኋላ ቅጂው ሰማያዊ ቀለም ይነከር ነበር፤ ተመልካቹም ሌሊት መሆኑን የሚያውቀው በዚያ ሰማያዊ ነው። ቀለሙ የጠፋበትን ቅጂ ያየ ሰው ሌሊቱ ራሱ ተወስዶበታል ማለት ይቻላል።

ይህ ፊልም ከዚህም የከፋ አልፎበታል። «ድራኩላ» ከተሰኘው ልብ ወለድ ያለ ፈቃድ የተወሰደ በመሆኑ የደራሲው ባለቤት ከስሳ፣ እ.ኤ.አ. በ1925 ቅጂዎቹ እንዲወድሙ ፍርድ ቤት ወስኖ ነበር። ዛሬ የምናየው ከጥፋቱ ያመለጠውን ነው። ስለዚህ ቀለሙና ፍጥነቱ የተስተካከለለትን የታደሰ ቅጂ ፈልገው፣ መብራት አጥፍተውና ብቻዎን ሆነው እንደገና እንዲያዩት እለምንዎታለሁ። ከሚስቅ ሰው ጋር ተቀምጦ የሚፈራ ሰው አላውቅም።

መልስ 2

ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ ነገር ግን የተሟላ ቅጂ ቢገኝም የጠያቂው ጥያቄ አይዘጋም። ቋንቋችን መደንገጥንና መፍራትን በሁለት ግሦች መለየቱ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ድንጋጤ የሰውነት ነገር ነው፤ ከኋላችሁ በር በኃይል ቢጋጭ ደፋሩም ፈሪውም እኩል ክው ይላል። ፍርሃት ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ ተመልካቹ ያላየውን ነገር በራሱ ሐሳብ እንዲያሳድገው ይፈልጋል።

ሁለቱ እንዴት እንደሚጋጠሙ ለማየት እ.ኤ.አ. በ1942 ዣክ ቱርነር ካዘጋጀው «ካት ፒፕል» የተሻለ ማስተማሪያ አላገኘሁም። አንዲት ሴት በምሽት ጭር ባለ መንገድ ትሄዳለች፤ ከኋላዋ የሌላ ሴት ጫማ ይሰማል፤ ጥቂት ቆይቶ የኋለኛው ኮቴ ይቆማል። የምትከተላት ሴት አውሬ ልትሆን እንደምትችል ስለምናውቅ ከኮቴው ይልቅ ዝምታው ይከብደናል። የመጀመሪያዋ ፍጥነቷን ትጨምራለች፣ ዞር ብላ ታያለች፣ ምንም የለም። ልክ እዚያ ላይ እንደ አውሬ ጩኸት ያለ ድምፅ ይፈነዳል፤ አውቶቡስ ነው የመጣው። ገንዘብ በሌለበት ምርት፣ በጥላና በድምፅ ብቻ ይህን አደረጉ። የፊልም ሰዎች ከዚያ ወዲህ ይህን ዓይነት የሐሰት ማስደንገጫ «አውቶቡስ» ብለው መጥራት ጀምረዋል። ቅሬታዬ ብዙዎቹ አዳዲስ ፊልሞች አውቶቡሱን ወርሰው የእግር ጉዞውን መተዋቸው ነው። በየአምስት ደቂቃው ድምፅ ያስጮኹብናል፤ እንደነግጣለን፤ ቤታችን ስንገባ ግን አብሮን የሚገባ ነገር የለም።

ስለዚህ የእኔ ሚዛን ፊልሙ ካለቀ በኋላ ያለው ሌሊት ነው። በሦስተኛው ቀን መብራት ሳጠፋ አንድ ምስል ከተመለሰብኝ ፊልሙ ተሳክቶለታል፤ በ1922 ይሠራ ወይም ዘንድሮ ልዩነት የለውም።

መልስ 3

እኔ በአንድ ነገር እለያለሁ። የድሮ ፊልም ወዳጆች ያልታየ ነገር ሁልጊዜ ከታየው ይበልጣል ማለት እንወዳለን፤ ይህ ግን ሕግ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣው «ጆውስ» ሰው ሠራሹ ሻርክ በጨው ውኃ ውስጥ እየተበላሸ ስላስቸገረ ስቲቨን ስፒልበርግ አውሬውን በአብዛኛው ሳያሳይ ለመሥራት ተገደደ፤ ፊልሙም በዚሁ ተጠቀመ። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1982 ጆን ካርፔንተር በሠራው «ዘ ቲንግ» የሰውን መልክ የሚይዘው አስጸያፊ ፍጡር በሙሉ ብርሃን ሥጋውን እየቀደደ ይታያል፤ እስከ ዛሬም ይቀፈኛል። ምክንያቱም ፍርሃቱ የተጣለው በፍጡሩ መልክ ላይ ብቻ አይደለም፤ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው አሁንም ሰው ነውን የሚለው ጥርጣሬ ላይ ነው።

ዕድሜም ይቅርታ አያሰጥም ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ1931 የወጣው «ድራኩላ» በግንቡ ውስጥ ያሉት የመጀመሪያ ትዕይንቶቹ ድንቅ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ግን ከመድረክ ተውኔት የተወሰደ መሆኑ ይታወቅበታል፤ ሰዎች በሳሎን ቆመው ስላልታየ ነገር ያወራሉ። ይህን ደካማ ነው ማለት ድራኩላን ሆኖ ለተጫወተው ለቤላ ሉጎሲ ያለኝን አክብሮት አይቀንሰውም። አዲሶቹም ቢሆኑ በጅምላ አይነቀፉ። ጃፓናዊው ሂዲዮ ናካታ እ.ኤ.አ. በ1998 በሠራው «ሪንጉ» የመንፈሷ አረማመድ እንግዳ የሆነብን ተዋናይቷ ወደ ኋላ እየተራመደች ተቀርጻ ምስሉ ተገልብጦ ስለሚታይ ነው። ይህ ከድሮዎቹ ጥበብ በምን ያንሳል?

መልስ 4

ከእኔ በፊት «ዘ ቲንግ»ን ላነሡት አንድ ነገር ልጨምር። ያ ፊልም ሲወጣ ሃያስያን ክፉኛ አጣጥለውት ነበር፤ ዛሬ ከዘውጉ ምርጦች ተርታ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው የማይክል ፓወል «ፒፒንግ ቶም»ም የዳይሬክተሩን የሥራ ዘመን እስኪጎዳ ድረስ ተወግዞ ነበር። ተራ ተመልካችም ከዚህ አያመልጥም፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን፣ በአንድ ቤተሰብ ሐዘን ላይ የቆመውን «ሄሬዲታሪ» ሃያስያን ሲያወድሱት፣ ሲኒማስኮር የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ከአዳራሽ የወጡ ተመልካቾችን ጠይቆ ያገኘው ውጤት ዲ ፕላስ የተባለ ዝቅተኛ ነጥብ ነበር። እነዚያ ተመልካቾች ተሳስተዋል ማለቴ አይደለም፤ ለመደንገጥ የተዘጋጀ ሰው ሐዘን ቢቀርብለት እንደተታለለ ይሰማዋል። እኔ በመጀመሪያው እይታ ስሜቴን ብቻ እጽፋለሁ፤ ፍርዴን ለሁለተኛው አቆያለሁ።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የታደሰውን ቅጂ አግኝቼ ትናንት ሌሊት ብቻዬን ተመለከትኩት። ሣጥኑን ታቅፎ የሚሄድበት ትዕይንት አሁን በሰማያዊ ጨለማ ውስጥ ነው፤ እርምጃውም ዝግ ያለ ስለሆነ ማንም በማያየው ከተማ ውስጥ ብቻውን ሸክም የሚሸከም ፍጡር ሆኖ ታየኝ። መጀመሪያ የሳቅንበት ይህንኑ ነበር።

አልደነገጥኩም፤ ይህን በእውነት መናገር አለብኝ። መሐል ላይ የሚሰለቹ ክፍሎችም አሉት። ይሁን እንጂ የደም መጣጩ ጥላ ብቻውን ደረጃውን ሲወጣ፣ ጣቶቹ በግድግዳው ላይ እየረዘሙ ወደ በሩ ሲደርሱ፣ ትንፋሼን ይዤ እንደነበር ያወቅሁት ትዕይንቱ ካለፈ በኋላ ነው። ለጓደኞቼ ቅጂውን ልኬላቸዋለሁ፤ በየቤታቸው፣ ለየብቻቸው እንዲያዩት ነግሬአቸዋለሁ።