የኤንፊልድ ቅጂ፦ ዕድሜው በምን ይታወቃል? ቀዳዳውስ ለምን ሞላላ ሆነ?

ባለሦስት ቀለበት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የ1853 ሞዴል ኤንፊልድ፣ ማለትም በአፈሙዙ የሚጎረስ የድሮ የእንግሊዝ ጠመንጃ፣ ቅጂ ገዝቻለሁ። ከመዶሻው ሥር ባለው ብረት ላይ ዘውድና «1861» ተቀርጿል። ሻጩ የጥንት ነው ብሎኛል፤ እንጨቱ ግን አዲስ ይመስላል። በ50 ሜትር ስተኩስ ደግሞ ወረቀቱ ላይ ያለው ቀዳዳ ሞላላ ነው። ባሩድ ልጨምር?

ጥቁር ባሩድ፦
ወንድሜ፣ ባሩዱን ለጊዜው አትንካው። 1861 የሚለውንም እርሳው፤ ቅጂ ሠሪዎች ለመልኩ ሲሉ የሚቀርጹት ነው። ዓመቱን የሚነግርህ በርሜሉ ነው። በርሜሉን ከእንጨቱ ጋር የያዙትን ቀለበቶች ፈትተህ በርሜሉን አውጣና ሥሩን ሳይቀር እየው። የጣልያን ሥራ ከሆነ በርሜሉ ተፈትኖ ማለፉን የሚያሳይ የጋርዶኔ ቫል ትሮምፒያ ከተማ የፍተሻ ማኅተም አለበት፤ በትንሽ ሳጥን ውስጥም የዓመት ምልክት ታገኛለህ። በፈረንጆቹ እስከ 1974 በሮማ ቁጥር ነበር፤ ከ1975 ወዲህ በሁለት ፊደል ሆነ፦ «ኤኤ» 1975፣ «ኤቢ» 1976 እያለ ይቀጥላል። የሚዘለሉ ፊደሎች ስላሉ በግምት አትቁጠር፣ ሰንጠረዡን እይ። «ፒኤን» ካየህ በጥቁር ባሩድ ተፈትሿል ማለት ነው። የእንግሊዟ የበርሚንግሃም ማኅተምና የሠሪው የፓርከር ሄል ስም ካለበትማ እጅህ የገባው እኔ ከሁሉም የምወደው ቅጂ ነው።

ሞላላው ቀዳዳ ጥይቱ በጎኑ እየመታ ስለሆነ ነው። የሚኒዬ ጥይት ኋላው ባዶ ነው፤ ባሩዱ ሲነድ ያ ባዶው የኋላ ጠርዝ፣ ቀሚሱ የሚባለው፣ ተነፍቶ የበርሜሉን ጠመዝማዛ ቦይ መያዝ አለበት። ጥይቱ ከቀጠነ ወይም እርሳሱ ከጠነከረ አይይዝም፤ በደንብ ስለማይሽከረከርም አየር ላይ ይገለባበጣል። እርሳሱን በጥፍርህ ጫረው፤ ንጹሕ ከሆነ በቀላሉ ምልክት ይቀበላል።

ሰደፍ፦
በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ግን ባሩዱ ሲያንስም ቀሚሱ ሳይነፋ ይቀራል። አንድ ነገር ልጨምር፦ ጭስ አልባ ባሩድ በፍጹም! ጥይቱም ባሩዱ ላይ በደንብ መቀመጥ አለበት፤ በመሃል ክፍተት ከቀረ በርሜሉ ሊፈነዳ ይችላል። ጥይቱ ሲደርስ መግፊያው ዘንግ ላይ ምልክት አድርግ፣ ሁልጊዜ እዚያ ድረስ ይግባ።

ባለሦስት ቀለበት፦
አመሰግናለሁ። ሳጥኑ ውስጥ «ኤዲ» ይላል፤ «ፒኤን»ም አለበት። የበርሜሉ ውስጥ 14.71 ሚሊሜትር፣ ጥይቱ 14.55 ነው። እርሳሱ በጥፍር ይጫራል።

ጥቁር ባሩድ፦
እንግዲያው 1978 ነው። ችግሩም ተገኘ፤ 0.16 ሚሊሜትር ክፍተት ብዙ ነው። ከ14.66 እስከ 14.68 የሚሆን ጥይት ፈልግ። በንጹሕ በርሜል በአውራ ጣት ገፋ ስታደርገው የሚገባ፣ በራሱ ክብደት ግን የማይወርድ ይሁን። በጥይቱ ዙሪያ ያሉትን ጎድጓዳ ቀለበቶች በንብ ሰምና ሞራ ድብልቅ ሙላ፤ ጥላሸቱን ስለሚያለዝበው ቀጣዩ ጥይት አያስቸግርህም። መሣሪያው ያገለገለ ስለሆነ መጀመሪያ በርሜሉንና ካፕሱሉ (መዶሻው ሲመታው ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ትንሽ ቆብ) የሚቀመጥበትን ጫፍ ለባለሙያ አሳይ። ከዚያ ከሠሪው መመሪያ ሳትወጣ ከ3 ግራም ገደማ ጥቁር ባሩድ ጀምር። የተተኮሱትን ጥይቶች ከአፈሩ ልቀማቸው፤ ቀሚሳቸው ዙሪያ የቦዩ አሻራ ጥርት ብሎ ከታየ መጠኑ ገጥሟል። ካልታየ ያኔ የሰደፍን ምክር ይዘህ ባሩዱን በጥቂቱ ከፍ አድርግ።