ሚያዝያ 27 ሲከበር ጎንደር ገና በጣሊያን እጅ ነበረች እንዴ?

የቀሃ ልጅ፦

ሰላም የሀገሬ ልጆች። አንድ ነገር ከነከነኝና እስቲ የምታውቁ አስረዱኝ።

አያቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ቀሃ ኢየሱስ አጠገብ ነው ያደገችው። ሚያዝያ 27 ሬዲዮው በቀረርቶና በፉከራ ሲናጥ እሷ ቡናዋን እየቆላች «ይሄ የሸዋዎች በዓል ነው። እኛ ያን ጊዜ ገና ጉድጓድ ውስጥ ነበርን» ትል ነበር። «ጣሊያን ከእኛ የለቀቀው ኅዳር ሚካኤል ካለፈ በኋላ ነው» ብላ ትጨምራለች።

ትምህርት ቤት ደግሞ «በ1933 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ነፃ ወጣች» ተብለን አለፍን። ስለ ጎንደር የተለየ ነገር አልነበረም።

የሴትዮዋ ነገር እውነት ነው? ደግሞስ ጉድጓድ የምትለው የምን ጉድጓድ ነው? ከጣሊያን ነው ከእንግሊዝ የሚደበቁት? «አውሮፕላኑ የወዳጅ ነው ይሉናል፤ ቦምቡ ግን ወዳጅ አይለይም» ስትል ሰምቻታለሁ። ግራ ገባኝ።

ጡረተኛው መምህር፦

ልጄ፣ አያትህ ልክ ናቸው።

ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ነው። ጎንደር ላይ የጣሊያኑ ጀኔራል ጉልዬልሞ ናዚ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ነው። (ናዚ የሰውየው ስም ነው እንጂ የሂትለር ፓርቲ አይደለም። ክፍል ውስጥ እዚህ ጋ ስደርስ ሁሌም ሳቅ ነበር።) እስቲ ቁጠረው። ግንቦት፣ ሰኔ፣ ክረምቱ እንዳለ፣ መስከረም፣ ጥቅምት፣ የኅዳር እኩሌታ። አዲስ አበባ ባንዲራ ሰቅላ መስሪያ ቤት ስትከፍት የእኛ ሰው ገና ከበባ ውስጥ ነበር።

የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ ገዥ የነበረው የአኦስታ መስፍን እንኳ ግንቦት ላይ አምባላጌ ላይ እጁን ሰጥቷል። ደብረ ታቦርም ሰኔ መጨረሻ ላይ ወደቀች። ጎንደር ለምን ቆየች ብትል፣ አንዱ ተራራው ነው። ከአስመራ የሚመጣው መንገድ ወልከፊት ላይ ተዘግቷል። ከደብረ ታቦር የሚመጣው ቁልቋል በር ላይ ተዘግቷል። ጣሊያን ጭልጋን፣ ጎርጎራንና አዘዞን ይዟል። በዚያ ላይ ክረምት ገባ፣ መንገዱ ጭቃ ሆነ። ከሁሉ በላይ ግን እንግሊዝ አልቸኮለም። ጭንቀቱ ሰሜን አፍሪካ ላይ ያለው የጀርመኑ ጀኔራል ሮሜል ነበር። ኤርትራ ውስጥ ከረን ላይ የተዋጉትን የህንድ ክፍለ ጦሮች ወደ ግብፅ ወስዷቸዋል። ናዚም ይህን ያውቃል። እሱ ጎንደር ላይ በቆየ ቁጥር የተወሰነ የእንግሊዝ ጦር እዚህ ይታሰራል። የጎንደር ሰው በማያውቀው የሊቢያ በረሃ ሒሳብ ነው የከረመው ማለት ነው። እኔን ሁሌ የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ስለ ጉድጓዱ፦ ከቦምብ መደበቂያ ነው። ያኔ ከሰማይ ይመጡ የነበሩት የእንግሊዝና የደቡብ አፍሪካ አውሮፕላኖች ናቸው። ጣሊያን ፋሲል ግቢን የጦር መስሪያ ቤት አድርጎት ስለነበር ከተማው ራሱ ዒላማ ሆነ። እዚያው ግቢ ውስጥ ያለውን የኢያሱን ቤተ መንግሥት አይተኸው ታውቃለህ? በ1704 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የመሬት መንቀጥቀጥ ጎድቶታል። የቀረውን ደግሞ የእንግሊዝ ቦምብ መታው። አያትህ ወዳጅ አይለይም ያሉት ይሄን ነው።

የመጨረሻው ውጊያ ኅዳር ላይ ነው። የእንግሊዙ ጀኔራል ፋውክስ የሚመራው 12ኛው የአፍሪካ ክፍለ ጦር ኅዳር 4 ቁልቋል በርን ሞከረ፣ ተመለሰ። ኅዳር 12 እንደገና ገጠመና ያዘው። ከሳምንት በኋላ ጎንደር ወደቀች። ተራራውን የወጡት በብዛት የኬንያ፣ የኡጋንዳ፣ የታንጋኒካ ልጆች ናቸው፤ ከጎናቸውም የእኛ አርበኞች። «እንግሊዝ ነፃ አወጣን» ሲባል ፊታቸው የሚረሳው የእነሱ ነው።

ኅዳር 12 ለእኛ ሚካኤል ነው፣ ቆሻሻ የምናጥንበት ቀን ነው። (እሱም ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ጋር የመጣው የ1911 በሽታ ትዝታ ነው፤ ሌላ ጊዜ እናወራለን።) ጣሊያን አገር ግን የካራቢኒየሪ ፖሊሶች ያቺን ቀን እስከ ዛሬ የራሳቸው በዓል አድርገው ያከብሯታል። ቁልቋል በር ላይ የሞቱ ጓዶቻቸውን ያስባሉ። እኛ ጋ ግን ተራራው ሥር ያለ ተማሪ እንኳ አልሰማም።

ደባርቄው፦

መምህር ጥሩ ብለዋል፤ ግን ወልከፊትን ቶሎ አለፏት! እኛ ጋ ነው እኮ ዋናው።

የሊማሊሞን ጠመዝማዛ በሚኒባስ የወረደ ሰው ይገባዋል። ያን መንገድ የቆረጠው ጣሊያን ነው። ከላይ የተቀመጠ ጥቂት ጦር ከታች የሚመጣውን ሁሉ ያቆማል። ወልከፊት የወደቀችው በውጊያ ብቻ አይደለም። አርበኞች ዙሪያውን ይዘው ከረሙ፣ ስንቅ አለቀ። ኮሎኔል ጎኔላ መስከረም 1934 ላይ ሦስት ሺህ ያህል ሰው ይዞ እጁን ሰጠ። ከዚያ ውስጥ ግማሽ ያህሉ ጥቁር ወታደር ነው። የእኛ ሽማግሌዎች ስለዚያ ክረምት ሲያወሩ ጥይት አያነሱም። ገብሱን ለማን እንደሰጡ ነው የሚያወሩት። ቀን ጣሊያን ይወስዳል፣ ማታ አርበኛ ይመጣል፣ ገበሬው መሀል ነው።

እታለም ከአዘዞ፦

«ጥቁር ወታደር» ያልከው ነገር ነካኝ ወንድሜ። እንደዚህ ዓይነት ቦታ ላይ ለመጻፍ አስቤ አላውቅም።

የእናቴ አያት የጣሊያን አስካሪ፣ ማለት ለጣሊያን የተቀጠሩ ጥቁር ወታደር፣ ነበሩ። የአባቴ ወገን ደግሞ አርማጭሆ ጫካ ውስጥ ከአርበኛው አሞራው ውብነህ ጋር ነበር። እናትና አባቴ ሲጋቡ ሽማግሌ ስንት ጊዜ ተመላልሷል! አንዱ ወገን «ባንዳ»፣ ሌላው «ሽፍታ» ይባባል ነበር አሉ። እኔ ከሁለቱም ነኝ።

አያታችን ለምን እንደገቡ ሲጠየቁ መልሳቸው አንድ ነበር፦ «ደሞዝ»። መጨረሻ ላይ ግን ደሞዙ ሊሬ ነው፤ ገበያው የሚፈልገው ጠገራ ብር ነው። ወረቀቱን ማንም አይነካውም። ሚስታቸው ልጅ ታቅፈው ምሽግ ድረስ ተከትለዋቸው ሄደዋል። እዚያው እህል ይፈጩ ነበር።

መምህር፣ እንዲህ ዓይነት ሰው ታሪክ ውስጥ የት ይገባል?

ጡረተኛው መምህር፦

እታለም፣ እዚሁ ይገባል እንጂ የት ይሄዳል። ቁልቋል በር ላይም የአስካሪዎቹ ሚስቶችና ልጆች ምሽጉ ውስጥ ነበሩ። ጎንደር ስትወድቅ የተማረከው ከ20 ሺህ በላይ ነው፤ ግማሽ ያህሉ ጥቁር ወታደር ነበር። ከኤርትራ የመጣም አለ፣ የዚሁ አገር ሰውም አለ።

ትላልቆቹም እኮ ተወላውለዋል። ደጃዝማች አያሌው ብሩ በ1928 ደምበጉና ላይ ጣሊያንን የወጋ ሰው ነው። በኋላ ለጣሊያን ገባ። ጣሊያን ሲዳከም ደግሞ ዞሮ ወጋው። ለመኳንንቱ «ፖለቲካ» ብለን፣ ደሞዝ ፈልጎ ለገባ ገበሬ «ባንዳ» ማለት ለእኔ አይዋጥልኝም። ይህን ስል ግን አምስት ዓመት ሙሉ ዱር የከረሙትን ከአስካሪው ጋር እኩል ላደርግ አይደለም። እሱ ሌላ ነው።

ሐበሻ በናይሮቢ፦

ምርኮኞቹ የት ደረሱ ለምትሉ፣ ብዙዎቹ እዚህ ኬንያ ነው የመጡት። ናዚም እዚህ ታስሯል። የአኦስታው መስፍን እዚሁ ናይሮቢ ሞቶ ኔሪ ተቀብሯል። ከናይሮቢ ወደ ናኩሩ ስትወርዱ ማይ ማሂዩ የሚባል ቦታ መንገድ ዳር አንዲት ሚጢጢ ቤተ ክርስቲያን አለች። የጣሊያን ምርኮኞች ናቸው በ1942 እ.ኤ.አ. የሠሯት። ቱሪስት ቆሞ ፎቶ ይነሳባታል። ጎንደር የተዋጉትን የኬንያ ወታደሮች ግን ሥራ ቦታ ብጠይቅ የሰማ ሰው አላገኘሁም።

ጀማሪ አስጎብኚ፦

ይቅርታ፣ ለመምህር ጥያቄ አለኝ። ፋሲል ግቢ አስጎብኚ ነኝ። የኢያሱ ቤተ መንግሥት ጋ ስንደርስ «በቦምብ ተመቷል» እንልና እናልፋለን። የጣሊያን ቱሪስቶች ሲሆኑ ደግሞ ጭራሽ አናነሳውም፣ ይከፋቸዋል ብለን። ምን ልበል?

ጡረተኛው መምህር፦

የሚከፋቸው ነገር የለም፣ ልጄ። ቦምቡ የእንግሊዝ ነው፣ የተጣለው ጣሊያን ግቢውን ስለያዘው ነው፣ ጊዜው 1933 ነው በላቸው። ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ በዓል ሲሆን እዚህ ገና አላለቀም ነበር ብለህ ጨምር። ለጣሊያኑም ለእንግሊዙም ለእኛም ሰው ያንኑ ንገር። ከዚያ በኋላ ወደ ፋሲል መዋኛ ውሰዳቸው።

የቀሃ ልጅ፦

መምህር እግዜር ይስጥልኝ። እህቴም እታለም፣ ደፍረሽ ስለጻፍሽ አመሰግናለሁ። የእኛ ቤትም ሰው ለማን እንደተሰለፈ እስከ ዛሬ አይወራም። እናቴን ልጠይቃት ነው።