የመቅደሱ ጣሪያ ጥገና፦ ረቂቅ ዕቅድ

ጸሐፊ፦ የደብራችን ጣሪያ ጥገና ረቂቅ ይኸው፤ አስተያየት ስጡበት። ውሃው የሚገባው ጉልላቱ ከቆርቆሮው በሚገናኝበት አንገት ነው። ወርዶ የመቅደሱን ምዕራባዊ ግድግዳ አርሶታል፤ ከበሩ በላይ ሥዕሉ ያለበት ጨርቅ ከጭቃው ለቆ ክንድ ያህል ተነፍቷል። አንገቱ ይሸፈን፣ የዛገው ቆርቆሮ ይነሣ፣ ግድግዳው ይጠገን። ከክረምት በፊት።

አናጺ፦ ዝገቱ ከጠርዝ ነው የተነሣው። ጣሪያው ክብ ስለሆነ ቆርቆሮው ወደ ላይ እየጠበበ ይቆረጣል፤ በተቆረጠበት በኩል ዚንክ የለም። ጠርዙ ጸረ ዝገት ይቀባ፤ ምስማሩ ከነጎማው በሞገዱ ጀርባ ይመታ። ባለፈው ቦዩ ላይ ነው የመቱት፣ ውሃው በምስማሩ ቀዳዳ ይገባል።

አዲስ አበባ ያለሁ፦ ቀለሙስ? አረንጓዴ ካልሆነ አላዋጣም። የአሁኑ ከጀልባ ሲታይ ጫካው መሐል ያብለጨልጫል።

ዲያቆን፦ አረንጓዴ? ደብር ነው ወይስ የቡና መጋዘን? ነጩ ይቆይ።

አዲስ አበባ ያለሁ፦ ገንዘቡን ማን እንደሚያዋጣ አትርሳ።

ዲያቆን፦ ደብሩ በመዋጮ አይሸጥም!

የዘጌ ልጅ፦ ቆርቆሮው ራሱ ለምን? ሣር ይመለስ። የጎርጎራው ደብረ ሲና ቤተ ክርስቲያን በሣር ነው ያለው።

አናጺ፦ ሰንበሌጥ በየጥቂት ዓመቱ የሚያጭድና የሚከድን ሰው ካለህ ስሙን ጻፍ።

የዘጌ ልጅ፦ እሺ። ቀለሙ ግን ቡናማ ይሁን።

ሒሳብ ያዥ፦ ሙሉ ቀን ቀለም! የቅርስ አዋጁ 209/1992 ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ቅርስ መጠገንን አይፈቅድም። ቀለሙንም እነሱ ይወስኑ። ግድግዳውን ግን በሲሚንቶ ለስነን እንገላገል።

አናጺ፦ በፍጹም! ሲሚንቶ ጭቃውን አይይዝም፤ እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል፣ ጨርቁም በሙሉ ይወርዳል። ጭድ የገባበት ጭቃ ሳምንታት ተቦክቶ ይመረግ። ጨርቁን ግን ባለሙያ ብቻ ይንካው።

ዲያቆን፦ ጋሼ፣ ስለ መጋዘኑ ይቅርታ።

አዲስ አበባ ያለሁ፦ ምንም አይደለም። ቡናማም ይሁን።

ጸሐፊ፦ ከተቋራጭ ግምት አመጣለሁ ያለው የት ገባ?

ሒሳብ ያዥ፦ አይመልስም። ፈቃዱም ይቆያል፤ እስከዚያ የተዋጣው ለብራናዎቹ ዕቃ ቤት ይዋል። እንግዶች በትኬት ይገባሉ።

የዘጌ ልጅ፦ ይህ ይሻላል። ከብሎኬት ይሠራ።

አዲስ አበባ ያለሁ፦ የዕቃ ቤቱስ ጣሪያ ምን ቀለም ይሁን?

ጸሐፊ፦ ርዕሱን «የዕቃ ቤት ግንባታና የጣሪያ ጥገና» ብዬዋለሁ።

አናጺ፦ ጣሪያው ሁለተኛ ሆነ? እንግዲያውስ ቢያንስ አንገቱ ላይ ሸራ ይታሰር። ሐምሌ ከገባ በዚያ ቆርቆሮ ላይ ሰው አይወጣም፣ ያንሸራትታል።