ፈትቼ የገጠምሁት የስኖውሞቢል ክላች ይንቀጠቀጣል

ውድ ባለሙያዎች፣ ነዋሪነቴ በሚኒሶታ ሲሆን፣ ከሞተሩ ዘንግ ጋር የሚያያዘውን የስኖውሞቢሌን (በበረዶ ላይ የሚነዳ ባለሞተር ተሽከርካሪ) ዋና ክላች ፈትቼ ያለቁትን ሮለሮች (ትንንሽ ተንከባላዮች) ከቀየርሁ በኋላ መልሼ ገጥሜዋለሁ። ስህተቴ የተንቀሳቃሹን ሳህን፣ የመሐለኛውን ባለ3 ክንድ ብረትና የክዳኑን አቀማመጥ ሳላመለክት መፍታቴ ነው፤ ጠመኔው እኮ አጠገቤ ነበር። አሁን ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ ደህና ነው፤ ነዳጅ ስሰጠው ግን መሪው እጄን እስኪያደነዝዘኝ ድረስ ይንቀጠቀጣል። ክዳኑንና ሳህኑን ሳጸዳ ትንንሽ የኤክስ ምልክት አገኘሁ፤ በባለ3 ክንዱ ላይ ግን ተፍቆ ነው መሰለኝ አይታየኝም። በክላቹ ውስጥ ያሉትን 3 ክብደቶች በወርቅ ሚዛን መዝኜ እኩል ሆነዋል። ባለ3 ክንዱን በ3ቱም አቅጣጫ እየገጠምሁ ንዝረቱን ማወዳደር ይበቃኛል ወይስ ክላቹን በማሽን ባላንስ ማስደረግ ግድ ነው?