የክላሽ ጥይት ፍጥነትና የአረሩ መከፈት፦ ለመጋዘን ጥበቃ የትኛው ይታያል?

የጅሬን ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ዳር ላለ የቡና መጋዘን ጥበቃ ፈቃድ ያለው ክላሽ አለ። አንዱ «5.56 (የኤም-16 ዓይነት ጠመንጃ ጥይት) በሴኮንድ 990 ሜትር ይሄዳል፣ ክላሽ 715 ብቻ ነው» ይላል። ሌላው ጫፉ እርሳስ የሆነውን ጥይት ይመክራል። ከመጋዘኑ ጀርባ የጭቃ ቤቶች አሉ። ፍጥነቱን ልይ ወይስ አረሩን?

ባሩድ፦
አረሩን እይ። የ5.56ቱ 990 የሚገኘው አረሩ 3.56 ግራም ሆኖ ከ51 ሳንቲ ሜትር አፈሙዝ ሲወጣ ነው፤ አፈሙዙ ካጠረ ቁጥሩ ይወርዳል። ጉልበቱ 1745 ጁል ገደማ ነው። የክላሹ አረር 7.9 ግራም ስለሆነ በ715 ፍጥነት 2000 ጁል አካባቢ ይይዛል። ፈጣኑ በጉልበት አንሷል ማለት ነው።

መከፈት፣ ማለትም አረሩ ሲመታ ጫፉ ተጨፍልቆ መስፋቱ፣ ሌላ ጉዳይ ነው። ሙሉ በሙሉ በብረት የተሸፈነ አረር አይከፈትም። የብረት አንኳር (መሃሉ ብረት) ያለው ተራው የክላሽ ጥይት ሥጋን በሚተካ የመሞከሪያ ጄል ውስጥ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ ሄዶ ነው የሚገለበጠው። ጫፉ እርሳስ የሆነው ደግሞ ሲመታ በቂ ፍጥነት ካልያዘ በደንብ አይከፈትም። የክላሹ ፍጥነት በ100 ሜትር ርቀት ወደ 630፣ በ200 ሜትር ወደ 560 ሜትር በሴኮንድ ይወርዳል። ጅማ ከባሕር ወለል 1780 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል አየሩ ሳሳ ብሎ ፍጥነቱ ትንሽ ይቆያል፤ ግን ነገሩን አይለውጠውም።

ቀለሃ ሰብሳቢ፦
አንኳሩ ብረት ይሁን እርሳስ በማግኔት እንለየው የሚሉ አሉ፤ አታምኗቸው። ብዙ አረር ሽፋኑ ራሱ ብረት ስላለበት አንኳሩ እርሳስ ቢሆንም ማግኔት ይስበዋል። የተሸፈነውን አረር ጫፍ በሞረድ ሞርዶ «እንዲከፈት» ማድረግ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ጥፋት ነው። የአረሩ ቂጥ ክፍት ስለሆነ ግፊቱ እርሳሱን በተሞረደው ጫፍ በኩል ገፍቶ ያወጣውና ሽፋኑን አፈሙዙ ውስጥ ጥሎት ሊሄድ ይችላል። የሚቀጥለው ጥይት አፈሙዙን ያፈነዳዋል፤ ተኳሹም አይተርፍም ይሆናል።

የጅሬን ልጅ፦
እሺ፣ ግድግዳውስ?

ባሩድ፦
የጭቃ ግድግዳ አንዳቸውንም አያቆምም፤ ቆርቆሮማ ጭራሽ አይቆጠርም። ጫፉ እርሳስ የሆነው አካል ውስጥ ተከፍቶ ጉልበቱን ይጨርሳል ብለህ ብትገዛውም፣ የሳተው ጥይት ጎረቤት ቤት ይገባል። ስለዚህ ከጥይቱ ይልቅ የዘበኛውን መቆሚያ ቀይር፤ ፊቱን ወደ ቤቶቹ ሳይሆን ከአንድ ሜትር ያላነሰ ውፍረት ወዳለው የአፈር ክምር ያድርግ። ፈቃዱ ምን ዓይነት ጥይትና ስንት እንደሚፈቅድም ቀድመህ አረጋግጥ፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቅም።