ክርክር፦ የሰርቨሩን አፕዴት ማን ይዘዘው?

ደሴ፦ ጀማው፣ ጉድ ልንገራችሁ። ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል፣ ሰልፉ በር ድረስ ደርሶ፣ ዳታቤዙ አውቶማቲክ አፕዴት ገብቶበት በራሱ ሪስታርት አደረገ። ሰርቨሩ ኡቡንቱ (ከሊኑክስ ሲስተሞች አንዱ) ነው። በአንሲብል (ለሰርቨሮች ትእዛዝ በሚያስተላልፈው መሣሪያ) «አውቶማቲክ አፕዴት ይጥፋ» ብዬ ነበር፤ እሱም «ተደርጓል» ብሎኛል። ለካ ፋይሌን በ10 ጀምሬ ነው የሰየምኩት። አፕት (የኡቡንቱ ፕሮግራም ጫኚ) የቅንብር ፋይሎቹን በስማቸው ተራ ያነባል፣ ኋላ የተነበበው ያሸንፋል። ሲስተሙ ደግሞ በ20 የሚጀምር የራሱ ፋይል አለው፤ እሱ «ይብራ» ይላል። አውቶማቲኩን ነቅለን ሁሉን ለአንሲብል እንስጥ?

ኮምቦልቻ፦ ይነቀል! አንድ ቤት ሁለት አባወራ? መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኑ ያመለጠውን አፕዴት ይጀምራል። እኔም በዚያው ደቂቃ አንሲብሌን አስነሣለሁ። «አፕት ተቆልፏል» ይለኛል። አቦሉ አልቆ ቶናው ቀርቦ፣ እኔ ገና እዚያው ነኝ።

መርሳ፦ ሰዓቱንስ አያችሁት? ኡቡንቱ አፕዴቱን በፈረንጅ 6:00 ይጀምራል፣ እስከ 60 ደቂቃም ሊያዘገየው ይችላል። ሰርቨሩ በዩቲሲ (ከኛ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ በሆነው የዓለም ሰዓት) ከሆነ ያ በኛ ከጠዋቱ 3 እስከ 4 ነው። ልክ ቢሮ ሲሞላ!

ደሴ፦ ወላሂ፣ ዩቲሲ ነው። አላሰብኩትም።

ሐይቅ፦ አብሽር። ግን መንቀሉን አልስማማም። አንሲብል እኮ ሰው ካላዘዘው አይንቀሳቀስም። ለለቅሶ ወልድያ ሄደህ ሦስት ቀን ብትቆይ፣ የደኅንነት አፕዴቱን ማን ይጭነዋል? ብዙዎቻችን በየቢሮው አንድ ለእናቱ ነን።

ኮምቦልቻ፦ ታዲያ ዳታቤዙ በሥራ ሰዓት ይውደቅ?

ሐይቅ፦ መች አልኩ? የዳታቤዙን ፓኬጅ (የፕሮግራሙን ጥቅል) ብቻ «አትንካ» ከሚለው ዝርዝር አስገባ። እሱን እሑድ በአንሲብል አድሰው። ሌላው በአውቶማቲክ ይሂድ። ደግሞ የሲስተሙን ፋይል አትጎርጉር፤ የራስህን በ60 ጀምረህ ለብቻው አስቀምጥ። ከፓኬጁ ጋር የመጣ ፋይል ካረምክ፣ ፓኬጁ ሲታደስ «ያንተ ይቆይ ወይስ አዲሱ ይግባ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። አውቶማቲኩ እንዲህ ያለውን ፓኬጅ ዘሎት ያልፋል። አፕዴቱም ሳይጫን ይከርማል፣ አንተም አታውቅም።

ደሴ፦ የመጨረሻዋ አስፈራችኝ። እኔ ወደ ሐይቅ አጋድያለሁ። ዛሬ ሰዓቱን አስተካክላለሁ፣ 10ሩን አጥፍቼ 60 እጽፋለሁ።

ኮምቦልቻ፦ እኔ ግን ነቅያለሁ። ለቅሶም ስሄድ ላፕቶፔን ይዤ ነው።