መንታ ከተባልኩት አንዱ ሞላር ሆነ፤ ያለፈችበት እናት አለች?

ጥያቄ፣ ከደሴ
እህቶቼ፣ 16 ሳምንቴ ነው። ትናንት አልትራሳውንድ ላይ ሐኪሟ ዝም ብላ ቆየችና ሌላ ሐኪም ጠራች። አንደኛው ፅንስ ደህና ነው፤ ልቡ ይመታል፣ የራሱ እንግዴ ልጅ አለው። ጎኑ ያለው ግን ሕፃን የሌለው፣ እንደ ወይን ዘለላ ውሃ የቋጠረ፣ ሞላር የሚባል የተበላሸ እንግዴ ልጅ ነው አሉኝ። ደም ጠብ ጠብ ይለኛል። ባለቤቴ «አንቺ ብቻ ኑሪልኝ» ይላል። እኔ ግን ያን የልብ ምት ሰምቻለሁ። ምን ላድርግ?

አዋላጅ ነርስ
እህቴ አይዞሽ። መጀመሪያ አንድ ነገር ይጣራ። ከፊል ሞላር (መንታ ሳይሆን አንድ እርግዝና ሆኖ፣ ፅንስ ኖሮት እንግዴ ልጁ የተበላሸ) ከሆነ ፅንሱ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ 69 ክሮሞሶም (የዘር መረጃ ተሸካሚ) ስለሚኖረው አያድግም። መንታ ከሆነ ግን የደህናው ፅንስ እንደማንኛውም ሰው 46 ነው። ከሽርት ውሃው ተወስዶ ይመረመራል። እንግሊዝ አገር በ2002 (እ.ኤ.አ.) በወጣ ጥናት እንዲህ ያለ የመንታ እርግዝና ካስቀጠሉ 53 እናቶች 20ዎቹ በሕይወት ያለ ልጅ ወልደዋል። መቀጠሉም ወደ ካንሰር የመቀየር አደጋውን ጎልቶ አልጨመረም።

ያለፈችበት
የኔ እናት፣ እኔም ቀጥዬ ነበር። መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ «ትርፍ ውሃ ነው» ብሎ ሸኘኝ፤ ሦስት ሳምንት ባከነብኝ። በ22ኛው ሳምንት ግፊቴ 160/110 ገባ። ዓይኔ ብዥ አለ፣ እግሬ አበጠ። ከዚያ በኋላ ምርጫ አልነበረም። ልጄን አጣሁ። እስከ ዛሬ ቀኑን አስባለሁ።

ግን ስሚኝ፤ የምትቀጥዪ ከሆነ ደም ባንክና የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ያለው ትልቅ ሆስፒታል ይዘሽ ቀጥዪ። ደም የሚሰጡሽን ዘመዶች ከወዲሁ አዘጋጂ። ታይሮይድሽም ይታይ፤ ይሄ ነገር ያስነሳዋል፣ የኔን ልብ ሲያስደልቀው ጭንቀት መስሎኝ ነበር።

ደግሞ ወለድሽም አጣሽም ክትትሉ አያልቅም። ቤታ ኤችሲጂ (በደም የሚለካ የእርግዝና ሆርሞን) በየሳምንቱ ተመርመሪ። የኔ ሲወርድ ቆይቶ መልሶ ወጣ፤ ሜቶትሬክሴት በሚባል የኬሞ መድኃኒት ዳንኩ። ከኬሞ በኋላ አንድ ዓመት እንዳላረግዝ ነገሩኝ፣ ጠበቅኩ። አሁን የሁለት ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ።

ጠያቂዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አልቅሼ ነው ያነበብኩት። ሪፈር ተጽፎልኛል፤ ሐሙስ ከባለቤቴ ጋር አዲስ አበባ እንገባለን። ወንድሙ ደም ልስጥ ብሏል። የግፊት መለኪያም ገዛን፤ ዛሬ ጠዋት 118/76 ነኝ።